ፍሬድሪክ ፍሮቤል፦ የሒሳብን መሠረት በሕፃናት እጅ ያኖሩ መምህር

በካፋ ዞን የጨና ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ዋጫም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ሕፃናት ከትምህርት ቤት ደጃፍ ከመድረሳቸው በፊት ጠጠር ይቆጥራሉ፤ ከጭቃ ቤት ይሠራሉ፤ ታላላቆቻቸው ገበጣ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጠው ጠጠሩ በየጉድጓዱ ሲዘራ ይመለከታሉ። ይህ ጊዜ ለረጅም ዘመን እንደ ትምህርት ሳይሆን ትምህርት እስኪጀመር ድረስ እንደሚያልፍ ትርፍ ጊዜ ሲታይ ኖሯል። ይህን አመለካከት በመለወጥ ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳው ሰዎች መካከል ጀርመናዊው መምህር ፍሬድሪክ ፍሮቤል ይገኙበታል።

ዛሬ በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ዕቅድና ሪፖርት ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት በሚል ስም የሚጠቀሰው ተቋም መነሻው የእኚሁ ሰው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ፍሮቤል ተቋሙን የመሠረቱት ዕድሜያቸው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ለቅርጽና ለመጠን የነበራቸው ብርቱ ስሜትም በአብዛኛው የዳበረው በጎልማሳነታቸው፣ በደን፣ በመሬት ቅየሳና በማዕድን ቤተ መዘክር ውስጥ በሠሩባቸው ዓመታት ነው። በመሆኑም የሕይወት ታሪካቸው ሁለት ጥያቄዎችን በአንድነት ይመልሳል። አንደኛው የልጅነት መጫወቻ ለሒሳብ ዕውቀት ምን ይጠቅማል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በልጅነቱ ይህን ዕድል ያላገኘ ሰው ካደገ በኋላ ሊያገኘው ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ብቸኛ ልጅነት

ፍሬድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1782 በጀርመን ቱሪንጂያ ደናማ አካባቢ በምትገኘው ኦበርቫይስባህ በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው የበርካታ መንደሮችን ምዕመናን የሚያገለግሉ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። እናታቸው ፍሮቤል የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳሉ አረፉ። አባታቸው ሁለተኛ ትዳር ከመሠረቱ በኋላ የእንጀራ እናታቸው ፍቅር የራሳቸው ልጅ እስኪወለድ ድረስ ብቻ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ፍሮቤል በቤቱ ውስጥ ባይተዋር ሆነው አደጉ።

አባት በሥራ የተወጠሩ በመሆናቸው ልጃቸውን የሚያስተምሩበት በቂ ጊዜ አልነበራቸውም። ልጁም ትምህርት የማይገባው ተደርጎ ተቆጠረ። በአሥር ዓመታቸው ግን የእናታቸው ወንድም ወደ ቤታቸው ወስደው ለአራት ዓመታት ያህል አሳደጓቸው። በዚያም እንደ ዕድሜ እኩዮቻቸው የመጫወትና የመማር ነፃነት አገኙ። ፍሮቤል በኋላ ዘመናቸው ስለ ሕፃናት ባሰቡ ቁጥር የሁለቱን ቤቶች ልዩነት ያስታውሱ እንደነበር ከጻፉት የሕይወት ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ከደን ወደ ቅየሳ

በ1797 አባታቸው የአሥራ አምስት ዓመቱን ወጣት ከአንድ የደን ባለሙያ ዘንድ ሙያ እንዲማሩ ላኳቸው። ባለሙያው ሥራውን ጠንቅቀው ቢያውቁም ማስተማር አይችሉበትም ነበር። ስለዚህ ፍሮቤል ሁለቱን ዓመታት በአመዛኙ ራሳቸውን በማስተማር አሳለፉ። መጻሕፍት አሰባስበው ሒሳብና ዕፅዋት አጠኑ፤ በጫካው ውስጥ እየተዘዋወሩ ቅጠሎችንና አበቦችን ሰብስበው በቅርጻቸው ለዩ። በመጽሐፍ ያነበቡትን ወዲያው በእጃቸው ካለው ነገር ጋር የማመሳከር ልማዳቸው የተጀመረው በዚሁ ወቅት ነው።

በ1799 ወደ የና ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ መከታተል ቢጀምሩም ገንዘብ አጠራቸው። በዕዳ ምክንያት ለዘጠኝ ሳምንታት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ታስረው፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አባታቸው በ1802 ካረፉ በኋላ በልዩ ልዩ የመንግሥትና የግል ጽሕፈት ቤቶች በአነስተኛ ደመወዝ ተቀጥረው ሠሩ። በደን አስተዳደር ጸሐፊነት፣ በመሬት ቀያሽነትና በእርሻ ይዞታ ሒሳብ ያዥነት ያሳለፏቸው ዓመታት ከንቱ አልሆኑም። የቀያሽ ሥራ በወረቀት ላይ ያለውን መስመር በእግር ከሚረገጠው መሬት ጋር ማገናኘትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ርቀትንና ስፋትን በዓይን የመገመት ችሎታቸውን እንዳጎለበተላቸው መገመት አያዳግትም።

በ1805 የሥነ ሕንፃ ትምህርት ለመከታተል ወደ ፍራንክፈርት አቀኑ። በዚያም የአንድ አዲስ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት አንቶን ግሩነር መምህር እንዲሆኑ ጋበዟቸው። ፍሮቤል ከክፍሉ ፊት በቆሙ ጊዜ ለዘመናት የፈለጉትን ሥራ እንዳገኙ ተረዱ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ኢቨርዶን የነበረውን የዝነኛውን መምህር የዮሐን ሃይንሪሽ ፔስታሎዚን ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንታት ጎበኙ። ከ1808 እስከ 1810 ደግሞ ያስተምሯቸው ከነበሩ ሦስት ወንድማማቾች ጋር እዚያው ተቀመጡ። ፔስታሎዚ ትምህርት ከቃል ሳይሆን ከሚታየውና ከሚዳሰሰው ነገር መጀመር እንዳለበት ያስተምሩ ነበር። ፍሮቤል ሐሳቡን ቢቀበሉም አንድ ጉድለት አገኙበት። ልጁ የሚያየው ነገር በየተራ ይቀርብለታል እንጂ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚገልጥ ሥርዓት አልነበረም።

የክሪስታሉ ክፍል

የጎደለውን ሥርዓት ያገኙት ሠላሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። በ1811 ወደ ጎቲንገን፣ በ1812 ደግሞ ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የፕሮፌሰር ክርስቲያን ሳሙኤል ቫይስ ተማሪ ሆኑ። ቫይስ የማዕድናትን ክሪስታል በውስጡ በሚያልፉ ምናባዊ ዘንጎች አማካኝነት በሥርዓት የመደቡ ሊቅ ናቸው። ፍሮቤል በ1813 በናፖሊዮን ላይ በተደረገው ጦርነት በበጎ ፈቃድ ዘምተው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1814 በበርሊን የማዕድን ቤተ መዘክር የፕሮፌሰሩ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ።

ሥራቸው ድንጋዮችን መለየትና መደርደር ነበር። ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ክሪስታሎችን በእጃቸው እያገላበጡ ማዕዘናቸውን ሲመለከቱ፣ የተዘበራረቀ የሚመስለው ሁሉ ከጥቂት ቀላል ቅርጾች እንደሚወለድ አስተዋሉ። ጨው በኩብ ቅርጽ ይገኛል፤ የኩቡ ማዕዘኖች በእኩል ሲቆረጡ ስምንት ገጽ ያለው ሌላ ቅርጽ ይወጣል። ለተራ ተመልካች ሁለቱ ቅርጾች የማይገናኙ ቢመስሉም በእጅ ይዞ ላገላበጣቸው ሰው አንዱ ከሌላው ውስጥ ያለ ነው። በዩኒቨርሲቲ ያልተጠናቀቀው የሒሳብ ትምህርት በዚህ ክፍል ውስጥ በሌላ መንገድ ቀጠለ ማለት ይቻላል። የሠላሳ ሁለት ዓመቱ ጎልማሳ ሕፃን በመጫወቻ እንደሚማረው በድንጋይ እየተማሩ ነበር።

በ1816 ይህን ሥራ ትተው በግሪስሃይም መንደር አምስት የወንድሞቻቸውን ልጆች ይዘው ትምህርት ቤት ከፈቱ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤቱ ወደ ካይልሃው ተዛወረ። ጦር ሜዳ የተዋወቋቸው ጓደኞቻቸው ሚደንዶርፍና ላንጌታል የሥራ ባልደረቦቻቸው ሆኑ። በ1826 የሰው ልጅ አስተዳደግን የሚመለከተውን ዋና መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ አፈንጋጭ የፖለቲካ ሐሳብ ያስፋፋል የሚል ጥርጣሬ ስለተነሳበት፣ የተላከው ተቆጣጣሪ መልካም ሪፖርት ቢያቀርብም ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። በ1829 የቀሩት ተማሪዎች አምስት ብቻ ነበሩ። ፍሮቤል በ1831 ወደ ስዊዘርላንድ ሄደው በበርግዶርፍ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ እስከ መምራት ደረሱ። ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆች መሠረቱ ያልተጣለላቸው መሆኑን የተገነዘቡትና ትኩረታቸውን ከሰባት ዓመት በታች ወዳሉ ሕፃናት ያዞሩት በእነዚህ ዓመታት ነው።

ስጦታዎቹ

በ1837 በብላንከንበርግ የመጫወቻ ማዘጋጃና ማሠራጫ ተቋም አቋቋሙ። ያዘጋጇቸውን መጫወቻዎች ስጦታ ብለው ሰየሟቸው። የመጀመሪያው ስጦታ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ስድስት የሱፍ ኳሶች ነው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ይዟል። ሦስተኛው ጎኑ ሁለት ኢንች የሆነ ኩብ ሲሆን፣ ጎናቸው አንድ ኢንች ወደሆነ ስምንት ትንንሽ ኩቦች ይከፈላል። አራተኛው በመጠኑ ከሦስተኛው ጋር እኩል ቢሆንም የተከፈለው በስምንት ጡብ መሰል ቁራጮች ነው። አምስተኛው ጎኑ ሦስት ኢንች የሆነ ኩብ ሲሆን ወደ 27 ኩቦች ይከፈላል። ከእነዚህም ሦስቱ ለሁለት፣ ሦስቱ ደግሞ ለአራት ስለተቆረጡ ልጁ በአጠቃላይ 39 ቁራጮች ያገኛል። ስድስተኛው ስጦታም እንዲሁ በጡብ ቅርጽ የተከፋፈለ ትልቅ ኩብ ነው። ከእነዚህ በኋላ ጠፍጣፋ ገበታዎች፣ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ቀለበቶችና ጥቃቅን ፍሬዎች ይከተላሉ።

ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ነጥብን አስቀድመው ወደ መስመር፣ ከመስመር ወደ ጠለል፣ ከጠለል ወደ ሙሉ አካል ይሄዳሉ። ፍሮቤል ይህን ገለበጡት። ሕፃን በእጁ ሊይዝ የሚችለው አካልን እንጂ ነጥብን ባለመሆኑ ከኳስና ከኩብ ጀምረው በመጨረሻ ወደ ነጥብ ወረዱ። ከዚህም ባሻገር በጨዋታው ወቅት ሁሉም ቁራጭ ሥራ ላይ መዋል ነበረበት፤ ጨዋታው ሲያበቃም ቁራጮቹ ተገጣጥመው ሙሉ ኩብ ሆነው ወደ ሣጥናቸው ይመለሱ ነበር። በዚህ ሁኔታ ክፍልፋይና ሙሉ፣ ግማሽና ሩብ ስማቸው ከመጠራቱ በፊት በልጁ እጅ ይታወቃሉ።

የሦስተኛውና የአራተኛው ስጦታ ዝምድና የአሠራሩን ጥበብ ያሳያል። አንዱ ትንሽ ኩብ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች በአንድ ኢንች ነው። አንዱ ጡብ ደግሞ ሁለት ኢንች ርዝመት፣ አንድ ኢንች ወርድና ግማሽ ኢንች ውፍረት አለው። ጡቡ ረዘም ብሎ ስለሚታይ የሚበልጥ ይመስላል እንጂ የሁለቱ ይዘት እኩል ነው። ልጁ ይህን የሚያውቀው ቀመር በመሸምደድ ሳይሆን አንድ ዓይነት ሣጥን በስምንት ኩብም በስምንት ጡብም እንደሚሞላ ደጋግሞ በማየት ነው።

ይኸው ዕውቀት ለአዋቂም የሚያስፈልግ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያን ጎን በእጥፍ ማሳደግ የሚይዘውን ውሃ በእጥፍ የሚያሳድግ ለሚመስለው ባለሙያ የሦስተኛው ስጦታ ስምንት ኩቦች መልሱን በቅጽበት ያሳዩታል። ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ኩብ አንድ ሺህ ሊትር፣ ሁለት ሜትር የሆነው ስምንት ሺህ ሊትር፣ ሦስት ሜትር የሆነው ደግሞ 27 ሺህ ሊትር ይይዛል። ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ይህን አስልቶ ይደርስበታል፤ ኩቦቹን በእጁ የደረደረ ሰው ግን ስሌቱ ቢሳሳት ስህተቱን አስቀድሞ ይጠረጥራል። የሒሳብ ስሜት የሚባለውም ይኸው አስቀድሞ የመጠርጠር ችሎታ ነው።

ፍሮቤል ተቋማቸውን መዋዕለ ሕፃናት የሚል አቻ በተሰጠው የጀርመንኛ ስም የሰየሙት በ1840 ሲሆን፣ የስሙ ቀጥተኛ ፍቺ የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ሕፃናቱም በእርግጥ የየራሳቸው መደብ ተሰጥቷቸው ይተክሉ ነበር። ለሥራው ወጣት ሴቶችን በመምህርነት ማሠልጠናቸው በዘመኑ ያልተለመደ እርምጃ ነበር። ሠልጣኞቹ መጫወቻዎቹን ለሕፃናት ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ይሠሩባቸው ነበር። በልጅነታቸው ይህን ያላገኙ አዋቂዎች በሥልጠና ላይ አገኙት ማለት ነው።

የተሳሳተው ትዕዛዝ

ሥራው እየሰፋ ባለበት ወቅት ነሐሴ 7 ቀን 1851 የፕሩሺያ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን በግዛቱ በሙሉ የሚከለክል ትዕዛዝ አወጣ። ምክንያቱ ተቋሙ ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋል የሚል ነበር። ለክሱ መነሻ የሆነው ግን የፍሮቤል ጽሑፍ ሳይሆን የወንድማቸው ልጅ ካርል ፍሮቤል ያሳተሙት ጽሑፍ ነበር። የቤተሰብ ስማቸው አንድ በመሆኑ የትምህርት ጉዳይ ባለሥልጣናቱ አጎትንና የወንድም ልጅን ሳይለዩ ወሰኑ።

ፍሮቤል ስህተቱን በማስረዳት ለሚኒስትሩና ለንጉሡ አቤቱታ ቢያቀርቡም ትዕዛዙ አልተነሳም። ዕድሜያቸው ገፍቶ ስለነበር እገዳው በእጅጉ ጎዳቸው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1852 በማሪየንታል በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ትዕዛዙ የተነሳው በ1860፣ ከስምንት ዓመታት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት በፕሩሺያ የተዘጉት ተቋማት ያጡትን ጊዜ የሚመልስ አልነበረም፤ ለሕፃን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅነት ነውና። ስምን ከስም ሳያመሳክር የተፈረመ አንድ ደብዳቤ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል የሚያሳይ አጋጣሚ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከሞታቸው በኋላ

ክልከላው ሐሳቡን አላስቆመውም። ባሮነስ ቤርታ ፎን ማሬንሆልትስ ቡሎቭ የተባሉ ደጋፊያቸው በልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች እየተዘዋወሩ አስተዋወቁት። በአሜሪካ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት በ1856 በዊስኮንሲን ግዛት በአንዲት ጀርመናዊት ስደተኛ ተከፈተ። በ1876 በፊላዴልፊያ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ስጦታዎቹን የተመለከቱ አንዲት እናት ለዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ገዙለት። ልጁ በኋላ ስመ ጥር የሆኑት አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ሲሆኑ፣ የእንጨት ቅርጾቹ ስሜት እስከ እርጅናቸው ድረስ ከጣቶቻቸው እንዳልጠፋ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል።

የፍሮቤል ሥራ እንከን የለሽ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ለሉልና ለኩብ የሰጧቸው ረቂቅ መንፈሳዊ ትርጓሜዎች ለብዙዎች ግልጽ አልነበሩም። ከተከታዮቻቸው መካከልም ጨዋታውን ወደ ትዕዛዝ የለወጡ፣ ሕፃናቱ ኩቦቹን በአንድ ድምፅ አንስተው በአንድ ድምፅ እንዲያስቀምጡ ያደረጉ ነበሩ። መጫወቻው በልጁ እጅ ሳለ የማሰብ ሥራውን መምህሩ ከያዘው ጥቅሙ እንደሚቀር ከዚህ መረዳት ተችሏል። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጇቸው የቁጥር ዘንጎችና ዶቃዎች ልጁ ስህተቱን ራሱ እንዲያርም ትኩረት የሰጡ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄም ምላሽ አግኝቷል። በ2013 የታተመና የ217 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት የመረመረ ሥራ፣ ቅርጽንና ቦታን በአእምሮ የማገናዘብ ችሎታ በልምምድ እንደሚሻሻልና ይህም በሕፃናት ብቻ ሳይወሰን በአዋቂዎችም ላይ እንደሚታይ አመልክቷል። በማዕድን ቤተ መዘክሩ ውስጥ ክሪስታል ሲያገላብጡ የነበሩት ጎልማሳ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በራሳቸው ሕይወት ያሳዩት ይህንኑ ነው።

በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናት ስፍራ የሰጠ ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር የተያያዘ የዜሮ ክፍል እንዲስፋፋ መንገድ ከፍቷል። ክፍሉን መገንባት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሕፃናቱ በዚያ ውስጥ ፊደልና ቁጥር በጋራ ከመጮኽ ባለፈ የሚይዙት፣ የሚከፍሉትና መልሰው የሚገጥሙት ነገር ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ደግሞ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ የግድ አይፈልግም። በካፋ ደን መካከል ባለችው ዋጫ አንድ አናጺ ከሥራ ከተረፈው ቁራጭ ጣውላ እኩል ኩቦች መቁረጥ ይችላል፤ የገበጣው ጠጠርም ከወንዝ ዳር ይለቀማል። መምህሩም አስቀድሞ ራሱ ቢሠራበት ከልጆቹ ጋር አብሮ ይማራል።

በሽቫይና በሚገኘው የፍሮቤል መቃብር ላይ የቆመው ሐውልት የሰው ምስል የለበትም። ኩብ ከታች፣ ሲሊንደር ከመካከል፣ ሉል ከላይ ሆነው በድንጋይ ተሠርተው ተነባብረዋል። ማንኛውም ሕፃን በእንጨት ሊደረድራቸው የሚችሉት እነዚሁ ሦስት ቅርጾች ናቸው።